ደቻቱ ዜሮ ይሁን

መብራት ሄዷል ዛሬም፣ ሳቢያን ጨልሟል፤
የኮረንቲ ትምህርት በሻማ ይጠናል።
ሌሊቱ ገፍቶ እንኳ ግድግዳው ይፋጃል፤
ከአገጬ ላብ ወርዶ ደብተሩን ነክቷል፣
ሦስት ኦም ያልኩት መንገድ ስምንት መስሏል።

ነገ ነው ፈተናው። ፈጡም ሥዕል ሣለች፦
አሥራ ሁለት ቮልት ባትሪ አቆመች፣
ባለ ሦስት ኦም መንገድ ከጫፉ ዘረጋች፣
መንገዱ ሲከፈል፣ እዚያው መንታው ላይ፣ ነጥብ አሳረፈች፤
«ሀ» አለችው።
ከ«ሀ» አንዱ ቁልቁል፣ ስድስት ኦም ተሸክሞ፤
ሌላው ወደ ጎን፣ ወደ «ለ»፣ ሦስት ኦም አስቀድሞ፤
ከ«ለ»ም ሦስት ኦም ይወርዳል ደግሞ።
ታች ያለው መስመር ረጅም ነው፣ ምንም የሌለው፣
የበጋ ደቻቱ፣ አሸዋ የለበሰው።

«ደቻቱ ዜሮ ይሁን» አለች፣ እርሳሷን እየቀረጸች።
«ክረምት ይሞላል እኮ።»
«ጥያቄው ላይ በጋ ነው» ብላ ዘጋች።

መምህር ወርሰሜ ናቸው ይህን ያስተማሩን፣
ምድር ባቡር ወርክሾፕ ሁለት ጣት ትተው የመጡልን።
በቀሩት ስምንት ጣት አየር እየከፈሉ፣
«መጋጠሚያ ላይ ማንም አያድርም» ይላሉ።
«ድልድዩ አፍ ቁሙና ባጃጅ ቁጠሩ፤
አሥር ከከዚራ መጥተው ስድስት መጋላ ከተሻገሩ፣
አራቱ በሌላ መንገድ ሄደዋል፤
አስፋልት ሰው አይበላም፣ አትጠራጠሩ!»

እኔም ጻፍኩ። «ሀ» ላይ የሚገባ፣ ከ«ሀ» የሚወጣ፣
ሁለት እኩልታ ሁለት ያልታወቀ ይዞ መጣ፤
አጣፋሁ፣ አካፈልኩ፣
«ሀ» አሥራ ሁለት፣ «ለ» ስድስት ሆነልኝ፤ ፈነደቅኩ።
ክፍልፋይ የሌለው መልስ እንዴት ያታልላል!
ጥርሱ ሙሉ የሆነ ዋሾ ይመስላል።

ፈጡም ዝም ብላ አየችው። ቆይታ ቆይታ፣
«ባትሪውም አሥራ ሁለት፣ ‹ሀ›ም አሥራ ሁለት?
እኩል ለእኩል ከሆኑ ማን ወደ ማን ይወርዳል?
ባንተ መልስ ያ መንገድ ጭር ብሏል።
ግን ቁልቁል ሁለት አምፔር፣ በጎን ሁለት ይሄዳል።
አቦ፣ ማንም ካልገባበት ቤት
አራት ሰው እንዴት ይወጣል?»

ፈለግን። አንዲት ቅንፍ ውስጥ ተገኘች ጥፋቴ፦
ከ«ሀ» «ለ»ን መቀነስ ሲገባኝ መገልበጤ፤
የሚሄደውን የሚመጣ ብዬ መቁጠሬ።

ይህ ስህተት ቤታችን የቆየ ነው።
ሙክታር ጅቡቲ ከሄደ አምስት ዓመት ሆነው፤
እናቴ ግን ዛሬም ሐሙስ ማታ ፍራሹን ታነጥፋለች፣
ምልክቱን ገልብጣ፣ የሄደውን መጪ ብላ ይዛለች።
አላረምኳትም። ደብተሩ የሷ ነው።

አስተካከልን። «ሀ» ስድስት፣ «ለ» ሦስት።
ሁለት ይገባል፤ አንድ ቁልቁል፣ አንድ በጎን ይወጣል፤
ሒሳቡ ተዘጋ፣ የማንም ዕዳ የለበት።

«ዜሮውን ‹ለ› ላይ ብንተክለውስ?» አልኳት፣ ለነገር።
ተከልነው። «ሀ» ሦስት ሆነ፣ የባትሪው ጫፍ ዘጠኝ፤
ደቻቱ ከዜሮ በታች ሦስት ሰጠመብኝ።
ቁጥሩ ሁሉ ስሙን ቀየረ፤ የሚፈሰው ግን
ያው ሁለት፣ ያው አንድ፣ ያው አንድ ሆነብን።
ለካ አምፖል ከፍታ አያውቅም፣ ልዩነት እንጂ።
እኔ አምስት ዓመት ሙሉ ዜሮዬን ሙክታር ላይ ተክዬ
ራሴን ስለካ፣
የማወጣው ሁሉ ከዜሮ በታች።
ይህን ለፈጡም አልነገርኳትም፤
ጠረጴዛው ላይ የረጋውን ሰም በጥፍሬ ፋቅኩ።

ከዚያ ሰፈሩ «ሆ!» አለ፤ ልጆች አጨበጨቡ፤
መብራት መጣ። ቬንቲሌተሩ ተንቀጥቅጦ ተነሳ፣
ሻማውን አጠፋ፣ ገጾቹን ገለባበጠ፤
ፈጡም ደብተሩን በሁለት እጇ ተጭና፣
«አቦ! ስንተኛው ጥያቄ ላይ ነበርን?»